ቤተ ክርስቲያን የምታድገው በልደት ነው ወይስ በስብከት? እስቲ ቁጥሩን ይዘን እንነጋገር

የሸዋ ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን ቡና ላይ ከጓደኞቼ ጋር ክርክር ገጠምን። አንዱ «ኦርቶዶክሱ ያነሰው ልጅ ስለማይወልድ ነው» ይላል። ሌላው «ልደት ምን አገናኘው? ሰው ሃይማኖት እየቀየረ ነው» ይላል። ሁለቱም አንድም ቁጥር አልጠሩም። እኔም ቤት ገብቼ ሁለቱን የሕዝብ ቆጠራዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው።

በ1987 ዓ.ም ኦርቶዶክስ 50.6 በመቶ፣ ሙስሊም 32.8፣ ፕሮቴስታንት 10.2 ነበር። በ1999 ዓ.ም ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.6 ሆነ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። የቀነሰው ድርሻው ነው እንጂ ብዛቱ አይደለም። የአገሩ ሕዝብ በነዚያ ዓመታት ከ53 ሚሊዮን ወደ 74 ሚሊዮን ገደማ አድጓል። ስናሰላው ኦርቶዶክሱ ከ27 ሚሊዮን ወደ 32 ሚሊዮን ግድም ከፍ ብሏል። አገሩ ባደገበት ልክ ቢያድግ ኖሮ ግን 37 ሚሊዮን ይሆን ነበር። ጥያቄው ያ የ5 ሚሊዮን ክፍተት ከየት መጣ የሚለው ነው።

አሁን ፕሮቴስታንቱን እዩ። ከ5 ሚሊዮን ተኩል ተነስቶ 13 ሚሊዮን ተኩልን አልፏል። በ12 ዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ይህ በልደት አይመጣም። እናቶች ሰባት ሰባት ልጅ ቢወልዱ እንኳ አንድ ሕዝብ እጥፍ ለመሆን ወደ 20 ዓመት ይፈጅበታል።

በዚያ ላይ የወሊድ ልዩነቱ ሰፊ አልነበረም። በ1997 ዓ.ም የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት ሴት በአማራ ክልል በአማካይ 5.1 ልጅ፣ በደቡብ ክልል 5.6 ልጅ ትወልድ ነበር። ልዩነቱ ግማሽ ልጅ ነው። ግማሽ ልጅ የደቡብ ክልልን ፕሮቴስታንት በ12 ዓመት ከ34.8 በመቶ ወደ 55.5 በመቶ አያደርሰውም። እዚያው ክልል የባህላዊ እምነት ተከታዩ ከ15.4 ወደ 6.6 በመቶ፣ ኦርቶዶክሱም ከ27.6 ወደ 19.9 በመቶ ወርዷል። ሰው ከቤት ወደ ቤት ተሻግሯል ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከሁለተኛው ጓደኛዬ ጋር ነኝ። ግን ልደትን እንዲሁ መጣል አልቻልኩም። ምክንያቴ አዲስ አበባ ናት። በዚያው በ1997ቱ ጥናት የአዲስ አበባ ቁጥር 1.4 ነው። ከተማዋን ከውስጥ የምታውቁ ምን ትላላችሁ?

አዋላጅ ነርስ

ሰላም ወንድሜ። ሥራዬ እዚሁ ላይ ስለሆነ ልመልስልህ።

አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት 2.1 ልጅ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ከዚያ በታች ከወረደች ቆይታለች። በ2008 ዓ.ም ጥናት ወደ 1.8 ከፍ ብላለች፤ ያም ቢሆን አይተካም። በዚያው ዓመት የአገሩ አማካይ 4.6 ነበር። የሶማሌ ክልል 7.2፣ የአማራ ክልል ደግሞ 3.7።

ሰዎች «ከተሜ ሃይማኖቱን ስለተወ ነው የማይወልደው» ሲሉ ያናድደኛል። በ1999ኙ ቆጠራ አዲስ አበባ 74.7 በመቶ ኦርቶዶክስ ነበረች። የሚጾም፣ የሚያስቀድስ ሕዝብ ነው። ጥናቶቹም ያሳዩት ሌላ ነገር ነው። ጋብቻ ዘገየ፤ ሥራ ጠፋ፤ ቤት ተወደደ፤ የወሊድ መከላከያ ተስፋፋ።

ክትትል የሚመጡትን እናቶች ሳናግር ይህንኑ ነው የምሰማው። በቅርቡ አንዲት እናት ከሁለተኛ ልጇ በኋላ የክንድ ውስጥ መከላከያ ልታስቀብር መጣች። ሦስተኛ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኳት። «እህቴ፣ አከራይ ስልክ ስደውልለት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ልጅ አላችሁ ወይ ብሎ ነው። ሁለት ስል ይዘጋብኛል» አለችኝ። ማተቧ አንገቷ ላይ ነበር። እምነት አልጎደላትም። የጎደላት አንድ ክፍል ቤት ነው።

ሌላም ልጨምር። የከተማው አብያተ ክርስቲያናት በበዓል ቀን ሞልተው ስለሚታዩ ችግሩ አይታየንም። የሚሞሉት ከገጠር በሚመጣው ወጣት ነው። ማለት ጎጃምና ሸዋ፣ ወሎና ጎንደር የወለዱት ነው አዲስ አበባ የሚያስቀድሰው። እዚያም ወሊዱ እየወረደ ነው።

ነቀምቴ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ከመካነ ኢየሱስ ነኝ። የሸዋ ልጅ ስሌቱ ደስ ስላለኝ የኛንም ላስቀምጥ።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም ስትመሠረት አባሏ 20 ሺህ ገደማ ነበር። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ሕዝብ አምስት ስድስት እጥፍ አድጓል። 20 ሺህ ሰው በልደት ብቻ ቢያድግ ከ100 ሺህ ብዙም አያልፍም ነበር። የተረፈው ሁሉ ከውጭ የገባ ነው፣ ወይም ከውጭ የገባው ሰው የወለደው።

ይቺን መጨረሻ ያልኳትን ልብ በሉልኝ፤ ክርክሩ ላይ የተረሳች ናት። አንድ ሰው በ1975 ጌታን ተቀበለ እንበል። አምስት ልጅ ወለደ። ልጆቹ ዛሬ በቆጠራ «ፕሮቴስታንት» ተብለው ሲመዘገቡ በልደት የመጡ ናቸው። ሥሩ ግን ያ አንድ ውሳኔ ነው። ስለዚህ «በልደት ወይስ በስብከት» ብለን ሁለት ቦታ ስንቆርጠው የማይቆረጠውን ነው የምንቆርጠው። አንድ ትውልድ በስብከት ይገባል፤ ቀጣዩ በልደት ይበዛል።

ደግሞ የኛ እድገት የተፋጠነው በምቾት ጊዜ አይደለም። ዋና ጸሐፊያችን ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ተገድለዋል። ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ሰው በየቤቱ ይሰበሰብ ነበር።

ጅማ ሰፈሬ

ሙስሊም ነኝ፣ በክሩ ስለተማርኩ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ሁሌ «ሙስሊሙ በመውለድ ነው የሚበዛው» ሲባል እሰማለሁ። እናንተ ባስቀመጣችሁት ቁጥር እንኳ ድርሻው ከ32.8 ወደ 33.9 ነው የሄደው። ከ12 ዓመት በላይ ፈጅቶ አንድ በመቶ። ልደት ሥራውን ይሠራል፣ ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው። ለፍርሃት የሚሆን ነገር የለውም።

ቀሲስ ዘሰበካ

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። በጨዋነት ስለምትነጋገሩ ደስ ብሎኛል።

እኔ የማነሳው ሌላ ነው። «አባል» የምንለው ማንን ነው? በኛ ሥርዓት ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ስለዚህ በኛ ዘንድ የልደት ቁጥርና የምእመን ቁጥር ተጣብቀው ነው የሚሄዱት። ሕፃኑ ከተጠመቀባት ቀን ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። ልደት ሲቀንስ የኛ ቁጥር ወዲያው ይሰማዋል።

ግን መዝገባችንን ልንገራችሁ። የጥምቀት መዝገብ አለ። የሰበካ ጉባኤ አባላት መዝገብም አለ። ሁለቱ አይገናኙም። የጥምቀቱ መዝገብ በየዓመቱ ይወፍራል። ክርስትና በሚነሳበት ቀን ግቢው በዘመድ ይሞላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ድግስ ይደገሳል። ከዚያ በኋላ ያን ልጅ እስኪያገባ ድረስ ላናየው እንችላለን። በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ላይ ያለው ደግሞ መዋጮውን የሚከፍል የቤተሰብ ኃላፊ ነው። ስለዚህ አንድ ደብር «ስንት ምእመን አላችሁ?» ሲባል በየትኛው መዝገብ እንደሚመልስ አይታወቅም።

የክርስትና አባትና እናት ሥራቸው የነፍስ ልጃቸውን ማስተማር ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ለፎቶው ይመጣሉ። በወሊድ ማነስ ከመጨነቃችን በፊት የተጠመቀው የት ሄደ ብለን መጠየቅ አለብን ባይ ነኝ።

ነቀምቴ

ቀሲስ፣ ያሉት ለኛም ይሠራል። በኛ በመካነ ኢየሱስ ሕፃናት ይጠመቃሉ። በሙሉ ወንጌልና በቃለ ሕይወት ግን ሕፃን አይጠመቅም፤ ለጌታ ይቀርብና ይባረካል፣ አድጎ ተምሮ ነው በውኃ የሚጠመቀው። የአባላት መዝገብ ላይ የሚሰፍረውም ያኔ ነው። ስለዚህ የአንዱ ቤተ ክርስቲያን ቁጥር ሕፃናትን ይይዛል፣ የሌላው አይይዝም። እነዚህን ደምሮ ማወዳደር ያሳስታል። ቆጠራው የሚሻለው ለዚህ ነው፤ የሁሉንም ልጅ በእኩል ይጽፋል።

ከቨርጂኒያ

እዚህ አሜሪካ ይህ ጉዳይ በደንብ ተጠንቷል፣ ላካፍላችሁ።

እዚህ ለረጅም ጊዜ የሚታመነው ነገር ነበር። ጠበቅ ያለ ትምህርት ያላቸው ፕሮቴስታንቶች ያደጉት ሰው ጠንካራ እምነት ስለሚፈልግ ነው፣ ለዘብተኞቹን ደግሞ ሰው ትቷቸው ስለሄደ ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ማይክል ሃውት፣ አንድሩ ግሪሊና ሜሊሳ ዋይልድ የተባሉ ሶሺዮሎጂስቶች ከ1903 እስከ 1973 የተወለዱ አሜሪካውያንን መረጃ ወስደው አጠኑት። ከለውጡ ሦስት አራተኛ ያህሉን ያብራራው ወሊድ ሆኖ ተገኘ። የወግ አጥባቂዎቹ ሴቶች ቀደም ብለው፣ ቁጥሩም በዛ አድርገው ይወልዱ ነበር። ለዘብተኞቹ የወሊድ መቆጣጠርን ቀድመው ጀመሩ። የቀረው ደግሞ ድሮ ኑሮው ሲሻሻል ከወግ አጥባቂ ወደ ለዘብተኛ ቤተ ክርስቲያን ይዛወር የነበረው ሰው መዛወሩን ማቆሙ ነው።

ይህ ከሸዋ ልጅ ጋር የሚጣላ ሊመስል ይችላል፤ አይጣላም። እነሱ የለኩት 70 ዓመት ነው፣ እሱ ያየው 12 ዓመት። በአጭር ጊዜ ስብከት ያሸንፋል። በሰባ ዓመት ግን የወሊድ ልዩነት እየተጠራቀመ ይበልጠዋል።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። ከለዘብተኞቹ አንዷ የሆነችው ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከ3 ሚሊዮን በላይ አባል ነበራት፤ አሁን 1.5 ሚሊዮን ገደማ ናት። ይህ ብዙ ሰው የጠበቀው ነው። ያልጠበቀው የወግ አጥባቂዎቹን የሳውዘርን ባፕቲስቶችን ነው። በ2006 16.3 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። በ2024 ወደ 12.7 ሚሊዮን ወርደዋል። ጠበቅ ያለው ትምህርታቸው አልተለወጠም። ግን የነሱም ወሊድ ቀነሰ፣ የወለዷቸውም ልጆች መሄድ ጀመሩ። የፒው የምርምር ማዕከል በ2007 ሃይማኖት የለንም ያሉትን አዋቂዎች 16 በመቶ አግኝቶ ነበር። በ2023 28 በመቶ ደርሰዋል። ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያን ያደጉ ልጆች ናቸው።

እኛ እዚህ ያለን አበሾችም ከዚህ ውጭ አይደለንም። የኔ ልጆች ቅዳሴ ላይ ሦስት ሰዓት ቆመው የሚሰሙትን አይረዱትም። ትልቁ ልጄ ኮሌጅ ከገባ ወዲህ ለትንሣኤና ለገና ብቻ ነው የሚመጣው። ወልጄዋለሁ፣ አስጠምቄዋለሁ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አመላልሼዋለሁ። በእንግሊዝኛ መቀደስና ማስተማር የጀመሩ ደብሮች ወጣቶች አሏቸው፤ እኔም ለሰበካ ጉባኤያችን ይህን ስወተውት ነው የከረምኩት።

የአራት ልጆች አባት

እኔ በጣም ቀላል ነው የምለው። ኦርቶዶክሱ ይውለድ! ጆርጂያን እዩ። እንደኛው ኦርቶዶክስ አገር ናት። ሕዝቧ እየመነመነ ሲሄድ ፓትርያርክ ኢልያ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አዋጅ አወጡ። በቤተ ክርስቲያን ትዳር ያላቸው ሰዎች ሦስተኛና ከዚያ በላይ ልጅ ከወለዱ፣ የክርስትና አባት የምሆነው እኔ ራሴ ነኝ አሉ። በትብሊሲ ካቴድራል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት በአንድ ቀን ተጠመቁ። የነፍስ ልጆቻቸው በአሥር ሺዎች ነው የሚቆጠሩት። ወሊዱም ከፍ አለ። የኛ አባቶች ይህን ቢያደርጉ ምን ነበረበት?

አዋላጅ ነርስ

ወንድሜ፣ አራቱን ልጆችህን ፈጣሪ ያሳድግልህ። የጆርጂያውን እኔም አውቀዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። ግን ሙሉውን እንንገር። ወሊዱ ጥቂት ዓመት ከፍ ብሎ ቆይቶ እንደገና ወርዷል። ወጣቱም ሥራ ፍለጋ ወደ ውጭ መሄዱን አላቆመም። የፓትርያርክ ክርስትና አባትነት ትልቅ ክብር ነው። ልጁን ግን ወተትና ኪራይ ያሳድገዋል።

«ይውለድ» ማለት ቀላል ነው። የምትወልደው ሴቲቱ ናት። እኔ አራተኛና አምስተኛ እርግዝና ላይ ደም ፈሷቸው የሚመጡ እናቶችን አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ልጅ በዛ ብሎ እንዲወለድ ከፈለገች፣ በየደብሩ የሕፃናት ማቆያ ትክፈት። ሰፊ ግቢ ያላቸው ብዙ ደብሮች አሉ። አንዲት የምትሠራ እናት ልጇን በአነስተኛ ክፍያ ጠዋት አድርሳ ማታ የምትወስድበት ቦታ ብታገኝ፣ ያኔ ሦስተኛ ልታስብ ትችላለች። ልጁም በዚያው ግቢ ያድጋል።

አስተባባሪ

ክሩ በጥሩ መንፈስ እየሄደ ነው፣ እናመሰግናለን። አንድ አስተያየት ሌላውን እምነት ስለሚያንቋሽሽ ተሰርዟል። በቁጥሩ ላይ እንቆይ።

ሞንትሪያል

ለአራት ልጆች አባት የምነግረው የምኖርበትን አገር ታሪክ ነው።

የካናዳዋ ኩቤክ ድሮ ከካቶሊክ አገሮች ሁሉ ከፊት የምትሰለፍ ነበረች። በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ቤት አሥር ልጅ ብርቅ አልነበረም። እንግሊዞቹ በጦርነት አሸነፉን፣ እኛ በልጅ ብዛት እንተርፋለን የሚል እምነት ነበራቸው፤ ተርፈዋልም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አንዲት ሴት በአማካይ አራት ልጅ ግድም ትወልድ ነበር። ከአምስት ካቶሊክ አራቱና ከዚያ በላይ በየሳምንቱ ያስቀድሱ ነበር።

ከዚያ 1960ዎቹ መጡ። ትምህርት ቤቱንና ሆስፒታሉን መንግሥት ከቤተ ክርስቲያን እጅ ተረከበ። ሴቶች ኮሌጅ ገቡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወሊዱ ከሁለት በታች ወረደ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በየሳምንቱ የሚያስቀድሰው ከግማሽ በታች ሆነ። ዛሬ በየሰፈሩ ያሉት ግዙፍ አብያተ ክርስቲያናት የመኖሪያ አፓርታማ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዳንዶቹም የስፖርት አዳራሽ ሆነዋል። እኔ የምሄድበት መንገድ ላይ ያለው ተሸጧል።

ቤተ ክርስቲያኑን ጥለው የወጡት እነማን እንደሆኑ አስቡት። የአሥር ልጅ ቤት ልጆች ናቸው። ወሊድ አላነሳቸውም። ቤተ ክርስቲያኑ ልጅ በማያጣበት ዘመን ልጆቹን መያዝ አልተማረም።

በአንጻሩ ከዘመናዊ ኑሮ ርቀው የሚኖሩትን አሚሽ የሚባሉ ክርስቲያኖች እዩ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1900 ከ5 እና 6 ሺህ አይበልጡም ነበር። አሁን 400 ሺህ ግድም ናቸው። አይሰብኩም፤ ከውጭ የሚገባባቸው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ስድስት ሰባት ልጅ ይወልዳሉ። ግን ሕፃን አያጠምቁም። ልጁ ካደገ በኋላ ልቆይ ወይስ ልሂድ ብሎ ራሱ ይወስናል። ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ይቆያሉ። ያደጉት በሁለቱ ነገር አንድ ላይ ነው።

የሸዋ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሞንትሪያሉን ወንድሜን በቁጥር ልከተለው።

አራት ልጅ ወልዶ ግማሾቹን ያጣ ቤት ሁለት ቀረው። ሁለት ወልዶ ሁለቱንም የያዘም ሁለት አለው። ለቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሁለቱ ቤቶች እኩል ናቸው። አሁን የአዲስ አበባውን 1.8 ውሰዱና ከአሥሩ ሁለቱ ይሄዳሉ በሉ። 1.4 ይቀራል። ይህ በየትውልዱ ሲሦውን እያጣ የሚሄድ ማኅበረሰብ ነው። ከገጠር የሚመጣው ሰው እስካለ ድረስ አይታወቅም። የገጠሩ ወሊድ የከተማውን መንገድ ሲይዝ ግን ይታወቃል። የአማራ ክልል ከ5.1 ወደ 3.7 የወረደው በ11 ዓመት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጓደኛዬ ስለ ትናንቱ የተናገረው አያስኬድም፤ ስለ ነገው ግን ሊሰማ ይገባዋል። የ1987ቱና የ1999ኙ ልዩነት የመጣው በመሻገር ነው። ከአሁን ወዲያ ባሉት አርባ ዓመታት ግን የወሊዱ ማነስ በግልጽ ይወጣል። ለዚህም ነው የቀሲስ ጥያቄ የሚያስጨንቀኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁ። ከ1999 ዓ.ም ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። የሚቀጥለው ተደጋግሞ ተራዝሟል። ስለዚህ አንድ ሰው «ዛሬ እገሌ ይህን ያህል በመቶ ደርሷል» ካላችሁ፣ ከየት አመጣኸው በሉት።

ሰንበት ተማሪ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ተጨባጭ ነገር ልንገራችሁ። እኔን የያዘኝ ግቢ ጉባኤ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ከቤተሰብ በጣም ርቄ ነበር፤ የማውቀው ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ዶርም ድረስ መጥቶ ለጉባኤ ጠራኝ። ማኅበረ ቅዱሳን ከ1984 ዓ.ም ጀምሮ ይህን ሥራ ባይይዘው ኖሮ ከኔ ባች ስንቱ ይቀር እንደነበር ሳስብ ይገርመኛል።

ግን ግቢ ጉባኤ የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲ የገባውን ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ባጃጅ የሚነዳውን፣ ወደ ዓረብ አገር የሄደችውን ማን ይጠራቸዋል? ቀሲስ፣ ይባርኩኝና እርስዎ ደብር ላይ የጥምቀቱን መዝገብ ለዚህ መጠቀም ይቻላል?

ቀሲስ ዘሰበካ

ይቻላል ልጄ፣ ጀምረነዋልም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ክርስትና ሲነሳ የወላጆችንና የክርስትና አባት ወይም እናት ስልክ እንመዘግባለን። ሕፃኑ አራት ዓመት ሲሞላው የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ይደውላሉ። የድሮውን መዝገብ ደግሞ ሁለት ወጣቶች ወደ ኮምፒውተር እየገለበጡት ነው። ስልክ የሌለው ብዙ ስለሆነ በሰፈር በሰፈር ከፋፍለን ለየአካባቢው የጽዋ ማኅበር ስም ዝርዝሩን ሰጥተናል። ዓረብ አገር ያሉትን በእናቶቻቸው በኩል ነው የምናገኛቸው። ፍላጎቱ ያላችሁ ደብሮች በውስጥ መልእክት ጻፉልኝ፣ ቅጹን እልክላችኋለሁ።